ሜክሲኮን በምስል ብቻ ለምናውቅ፦ ከየትኛው እንጀምር?

ሰላም ለሁላችሁ። ሜክሲኮ ሄጄ አላውቅም። የማውቃት በሥዕልና በፎቶ ነው። አብዛኞቻችሁም እንደኔው ሳትሆኑ አትቀሩም፤ ክሩን የከፈትኩትም ለዚሁ ነው።

እኛ ጋ የሚደርሰው የሜክሲኮ ምስል ሦስት አራት ነው፤ እሱው ይደጋገማል። ፊቷን የራስ ቅል አስመስላ የተቀባች ሴት። ቅንድቧ የተጋጠመው ሠዓሊዋ ፍሪዳ ካሎ። ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ ቁልቋል ሥር ያንቀላፋ ሰው። በአሜሪካ ፊልም ደግሞ ሰማዩም መንገዱም ቢጫ የሆነ ከተማ። እነዚህን ደጋግመን ከማየታችን የተነሳ አገሩን ያወቅን ይመስለናል። እኔ ግን አብዛኞቹ ለእንግዳ ዐይን የተሰናዱ ናቸው ባይ ነኝ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይኸው፦ ሜክሲኮን በምስል ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ሜክሲኮዎች እርስ በርስ ለመነጋገር ከሠሯቸው ምስሎች ይጀምር። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የሜክሲኮ ሲቲ ሜትሮ በ1969 ሲከፈት እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሥዕል ተሰጠው። ማንበብ የማይችል ተሳፋሪ ብዙ ስለነበር፣ ሰው ሥዕሉን አይቶ እንዲወርድ ነው የታሰበው። ምልክቶቹን የነደፈው ላንስ ዋይማን አሜሪካዊ ነው፤ የተነደፉት ግን ለከተማው ሰው ነው። በየቀኑ ሥራ የሚሄድ ሰው የሚጠቀምበት ምስል ለእኔ ከፖስት ካርድ ይበልጣል። እናንተስ ከየት ትጀምራላችሁ?

ክሩ ረዘም ስላለ፣ ዘግይቶ ለሚገባ እንዲመች ምላሾቹን በራሴ አባባል በየቁጥራቸው ከታች አስቀምጫቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1። የመጀመሪያዋ መላሽ ሜክሲኮ ሲቲ የምትኖር እህታችን ናት። በትህትና ሰላም ብላ ከኔ ጋር ተስማማች። ከዚያ የብዙዎቻችንን ልብ የነካ ነገር ጨመረችልን፤ በሜትሮው 3ኛ መስመር ላይ ኢትዮጵያ የሚባል ጣቢያ አለ፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። በ1980 ተከፈተ። በኋላ ሌላ ስም ተቀጥሎለታል፣ ሰው ግን አሁንም ኢትዮጵያ እያለ ነው የሚወርደው። እሷም መጀመሪያ ሰሞን አንበሳውን እያየች ነበር አቅጣጫ የምትይዘው። ስለ ቢጫው ፊልም ደግሞ ተቆጥታለች። ከተማው 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ክረምቱም ከኛው ጋር ይገጥማል፣ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ይወርዳል። መጋቢት አካባቢ ጃካራንዳው ሲያብብ መንገዱ ሐምራዊ ይሆናል። ታዲያ ቢጫው ከየት መጣ? ካሜራው ላይ ተጨምሮ ነው እንጂ ሰማዩስ አያውቀውም።

2። አንድ ወጣት የኛ ሜክሲኮ አደባባይ ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ታክሲ ሲይዝ ስሙን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

3። ታሪክ የሚያስተምሩ አባት መለሱለት። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ሜክሲኮ በመንግሥታቱ ማኅበር ድምፅዋን አሰምታለች፤ የጣሊያንን ይዞታ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮችም አንዷ ናት። አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ኢትዮጵያ የሚባሉ አደባባዮች የኖሩን በዚህ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። አሁን አዲስ አበባም በባቡር ሜክሲኮ ላይ ይወረዳል፣ እዚያም በባቡር ኢትዮጵያ ላይ። ደስ የሚል ነገር ነው።

4። ይኸኛው የህትመት ሥዕል የሚያውቅ ሰው ነው። የአጽሟ ሴት ለእንግዳ ተሰናድታለች ማለቴን አልተቀበለውም፤ ስትፈጠር ጭራሽ ለእንግዳ አልነበረችም አለ። የሠራት ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ ነው፤ በ1852 ተወልዶ በ1913 የሞተ የጋዜጣና የበራሪ ወረቀት ሥዕል ቀራጭ። ወረቀቱ በሳንቲም የሚሸጥ፣ ድሃ ገዝቶ የሚስቅበት ነበር። ምስሉን በደንብ እንድናይ ጠየቀን። ያለው ጭንቅላት ብቻ ነው። ጥርሱ ገጦ የሚስቅ የራስ ቅል፣ ከላዩ በሰጎን ላባና በአበባ የተከመረ የአውሮፓ ባርኔጣ። ልብስ የለም። ፖሳዳ የቀለደው ደሟ ያገሬው ሆኖ ሳለ ፈረንጅ ለመምሰል በምትጨነቅ ሴት ላይ ነው። ባርኔጣው አለ፣ ከሥሩ ግን አጥንት ነው። ረጅሙን ቀሚስ ያለበሳት ሠዓሊው ዲዬጎ ሪቬራ ነው፤ በ1947 አላሜዳ የሚባለውን የከተማውን መናፈሻ በሣለበት ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ላይ። እዚያ ላይ ካትሪና የምትባለው ይህችው አጽም በአንድ እጇ ፖሳዳን ይዛለች፣ በሌላው ደግሞ ሪቬራን፤ ሪቬራ ራሱን ልጅ አድርጎ ነው የሣለው። ሚስቱ ፍሪዳም ከኋላው ቆማለች። ሥዕሉ የነበረበት ሆቴል በ1985ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎዳ፣ ሥዕሉ ግን ተርፎ የራሱ ሙዚየም ተሠራለት። ከሁሉም ምላሾች ብዙ ያስተማረኝ ይህ ነው።

5። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። አንድ ሰው መጥቶ በሜክሲኮዎች የሙታን ቀን በዓል አጽም እያስጌጡ መጨፈር ጤና አይደለም፣ ይሄ የሰይጣን አምልኮ ነው፣ እናንተም ባህል እያላችሁ አታሞካሹት ብሎ ገሠጸን። ሃሎዊንንም አብሮ ጨፈለቀው።

6። የ1ኛዋ እህታችን ተመለሰች፤ አሁንም በጨዋነት፣ ግን ቆፍጠን ብላ። የሙታን ቀን በፈረንጆች ኖቬምበር 1 እና 2 ነው፣ የካቶሊክ የቅዱሳንና የሙታን መታሰቢያ ቀኖች ናቸው። የመጀመሪያው ቀን በሕፃንነታቸው ለሞቱት፣ ሁለተኛው ለአዋቂዎቹ ነው። ጎረቤቷ ቤት ያየችውን ነገረችን። ጠረጴዛው ላይ የሟች አባት ፎቶ፣ ብርጭቆ ውኃ፣ ጨው፣ ሻማ፣ ይወዱት የነበረው ምግብ። ከፎቶው ሥር ሴምፓሱቺል የሚሉት ብርቱካናማ አበባ ተበትኗል፤ ሽታውና ቀለሙ ሟቹን መንገድ ይመራዋል ይላሉ። ኮፓል የሚባል ሙጫ ይጤሳል። ከላይ በመቀስና በመሮ የተፈለፈለ ስስ ባለቀለም ወረቀት ይሰቀላል። ዩኔስኮ በ2008 የመዘገበው ይህን ነው። ጎረቤቷ አልጨፈሩም። ፎቶውን እየወለወሉ አለቀሱ፣ ከዚያ ስለ አባታቸው እያወሩ ሳቁ። ሳንታ ሙዌርቴ የምትባለውና አንዳንዶች የሚማጸኗት የሞት ምስል ግን ሌላ ነገር ናት፤ ቤተ ክርስቲያኗም አውግዛታለች። ሁለቱን አንድ ማድረግ በጎረቤቷ ላይ መዋሸት እንደሚሆንባት ተናገረች።

እኔ በበኩሌ ከእሷ ጋር ነኝ። በአንድ ፎቶ ብቻ የሰውን ሃይማኖት መፍረድ ተገቢ አይደለም።

7። ከዚያ አንድ ፊልም ወዳጅ ገባና ሌላ ነገር አመጣ። በሜክሲኮ ሲቲ መሐል በየዓመቱ የሚታየው ግዙፍ የሙታን ቀን ሰልፍ የጥንት እንዳይመስለን አስጠነቀቀን። በ2015 የወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም እንዲህ ያለ ሰልፍ ፈጥሮ አሳየ፣ ከተማዋም በ2016 እውነተኛውን ጀመረች። እንግዳ ያሰበው ምስል ባለቤቶቹ ዘንድ ገብቶ የነሱ ሆነ። ታዲያ ለራሳቸው የተሠራው የቱ ነው፣ ለእንግዳ የተሠራውስ? ጥያቄውን ለኔ ወረወረው።

8። ይህ የኔ ምላሽ ነው። ሰልፉና የጎረቤትየዋ ጠረጴዛ አንድ አይደሉም አልኩ። ሰልፉ ቢቀር ጠረጴዛው ይቀጥላል፤ ጠረጴዛው ቢቀር ግን ሰልፉ ባዶ ነው። አሁንም በዚህ ጸንቻለሁ።

9። ሚሺጋን የሚኖር ወንድማችን ረጅም ጽሑፍ ላከ። ሜክሲኮን ለማየት አውሮፕላን አላስፈለገኝም አለ። ዲትሮይት ያለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ሪቬራ በ1932 እና 1933 የሣላቸው 27 የግድግዳ ክፍሎች አሉ፤ የፎርድ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ላይ ሆነው። ወንድማችን ራሱ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ቆሞ ያየው ሰውነታቸውን ነው። ጎንበስ ያለውን ወገብ፣ ሁለት ሰው አንድ ብረት ሲጎትት ጀርባው እንዴት እንደሚወጠር። በስልክ ሲያየው ይህ ሁሉ ጠፍቶበት ነበር፤ ከግድግዳው ሥር ሲቆም ግን ሠራተኞቹ የራሱን ቁመት ያህል ሆነው አገኛቸው። ዋናው ነጥቡ ግን ሌላ ነው። የግድግዳ ሥዕሉን ዘመቻ ያስጀመረው መንግሥት ነው። ከሜክሲኮ አብዮት በኋላ የትምህርት ሚኒስትር የነበረው ሆሴ ቫስኮንሴሎስ፣ ከ1921 እስከ 1924፣ ለሠዓሊዎች የመንግሥት ሕንፃ ግድግዳ ሰጣቸው። ሪቬራ የትምህርት ሚኒስቴሩን ግቢ ከ1923 ጀምሮ ሞላው። ማንበብ ለማይችል ሕዝብ ታሪኩን በግድግዳ ላይ ማስተማር ነበር ዓላማው። ስለዚህ ሜክሲኮዎች ለራሳቸው ሠሩት ስንል ገንዘቡን ማን ከፈለ፣ ታሪኩን ማን መረጠ ብለን እንጠይቅ አለ። ከፋዩ ደስ ካላለው ምን እንደሚከተልም አስታወሰን፤ ኒው ዮርክ ሮክፌለር ሴንተር ላይ ሪቬራ ሌኒንን ስለጨመረበት ሥዕሉ በ1934 ተፈርክሶ ወረደ። እሱ ግን በዚያው ዓመት ሜክሲኮ ሲቲ በቤያስ አርቴስ ቤተ መንግሥት ውስጥ ደግሞ ሣለው።

10። እዚህ ላይ ክሩ ጋለ። አንዲት አንባቢ ከ9ኛው ተነስታ ወደ ሁላችንም ዞረች። ግድግዳው ላይ ያሉት ፊቶች የአገሬው ተወላጆች ናቸው፤ ሣዮቹ ግን የከተማ ልጆች። በሥዕሉ ላይ እናከብራችኋለን ሲባሉ በዚያው ሚኒስቴር ትምህርት ቤት ውስጥ ቋንቋቸውን ትተው ስፓኒሽ እንዲይዙ ነበር የሚፈለገው። ፍሪዳም ከዚህ አታመልጥም ባይ ናት። በደቡብ ሜክሲኮ ዋሃካ ግዛት ያሉትን የቴዋንቴፔክ ሴቶች ቀሚስ ለብሳ ለፎቶ ተቀመጠች፣ ዓለም ቀሚሱን የሷ አደረገው፣ የሰፉት ሴቶች ስም ግን የለም። እኛም ከሩቅ ሆነን ውብ ውብ እያልን ነው ብላ ወረፈችን።

11። የፍሪዳ ወዳጅ የሆነች እህት ለዚህ የሰጠችው መልስ ቁጣ ነበረበት። ግማሹን አልደግመውም፤ ሰው ወደ ሰው ሄዷል። ፍሬ ነገሩ ግን ጠንካራ ነው። የፍሪዳ የእናት ወገን ከዋሃካ ነው፣ ቀሚሱ ከቤተሰቧ አልራቀም። አባቷ ደግሞ ፎቶ አንሺ ነበር፣ ምስል እንዴት እንደሚሠራ ያወቀችው ከቤቷ ነው። ከዚያ ስለ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አወራችልን። ሜክሲኮ ውስጥ ከአደጋ ወይም ከሕመም የተረፈ ሰው ስለቱን የሚያስገባው በሥዕል ነው። ባለሙያ ሠዓሊ ሳይሆን የሰፈር እጅ ያለው ሰው በቆርቆሮ ላይ አደጋውን ይሥልለታል፤ ከላይ ጥግ ላይ የተማጸነውን ቅዱስ፣ ከታች ቀኑንና ቦታውን ከምስጋና ጋር። ፍሪዳ እነዚህን በብዛት ትሰበስብ ነበር፤ ኮዮአካን በሚባለው የሜክሲኮ ሲቲ ሰፈር ያለው ሰማያዊ ቤቷ ውስጥ ተሰቅለዋል። ታዲያ አንድ ቀን የማታውቀው ሰው ያሠራው፣ የራሷን የ1925ቱን የአውቶቡስና የትራም ግጭት የሚመስል ቆርቆሮ አገኘች። ብሩሽ አነሳችና የወደቀችው ልጅ ላይ የተጋጠመ ቅንድብ ጨመረች። አውቶቡሱ ላይ ኮዮአካን ብላ ጻፈች። ከታች የወላጆቿን ስም አስገብታ ልጃችንን ስላተረፍሽልን ብላ የሐዘን እመቤት ማርያምን አመሰገነች። ይህች እህት እንደምትለው ፍሪዳ የሕዝቡን ሥዕል ከላይ ሆና አልወሰደችም፣ ውስጡ ገብታ ተሳለች።

የ10ኛዋ ስለ ሰፊዎቹ ስም ያነሳችው ትክክል ነው። የ11ኛዋ ስለ ቆርቆሮው የነገረችን ደግሞ በሙሉ ክሩ ውስጥ እኔ በምፈልገው ቦታ ላይ ያረፈ ነው። ከየት ልጀምር ለሚል ሰው አሁን የምሰጠው መልስ ይኸው የስለት ቆርቆሮ ነው። ከፋዩ ባለስለቱ ነው፣ ታሪኩም የራሱ ነው፣ የሚያየውም የደብሩ ሰው ነው። እንግዳ ታስቦ የተጨመረ አንድም መስመር የለበትም።

12። ፎቶ አንሺ የሆነ ወንድም ደግሞ ስለ ቀለም ብቻ አታውሩ ብሎ ገባ። እሱን ሜክሲኮን ያሳየው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። በ1979 የሜክሲኮ ሲቲዋ ፎቶ አንሺ ግራሲኤላ ኢቱርቢዴ በሠዓሊው ፍራንሲስኮ ቶሌዶ ግብዣ ሁቺታን ወደምትባል የዋሃካ ከተማ ሄደች። ገበያ ላይ ኢጓና የሚባሉትን ትልልቅ እንሽላሊቶች በራሷ ተሸክማ የምትሸጥ ሴት አየች። ፎቶው ከታች ወደ ላይ የተነሳ ነው። እንሽላሊቶቹ ጭንቅላቷ ላይ ዘውድ ሠርተዋል፣ የአንዱ አንገት ወደ ሰማይ ቀና ብሏል። ሴትዮዋ አትስቅም፣ አታፍርም፤ ወደ ጎን ትመለከታለች። ሲያዩት የተቀነባበረ ይመስላል፤ ግን የዕለት ሸቀጧ ነው። ሴትዮዋ መሳቅ እያመጣባት፣ እንስሳቱም አልረጋ እያሉ ከብዙው ፎቶ አንዱ ብቻ ነው የተሳካው። ሁቺታኖች ምስሉን ወደውት ሐውልት አቁመውለታል። ከእንግዳ ካሜራ ወጥቶ የከተማው የራሱ ሆነ ማለት ነው። ይህ ወደ 7ኛው ጥያቄ መለሰን፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት።

13። ቀጥሎ የመጣውን ሳነብ ዝም አልኩ። ከብራዚል ተነስቶ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየን ጫካ አቋርጦ ሜክሲኮ የገባ ልጅ ነው። ታፓቹላ በምትባል የደቡብ ድንበር ከተማ ላይ ወረቀት ሲጠብቅ ወራት አለፉ። ሙዚየም አላየም፣ የሪቬራን ስም የሰማው በዚህ ክር ነው። እሱ የሚያስታውሰው ምስል አንድ ነው፦ በየጎሚስታው፣ በየታክሲው፣ በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለችው ጠይም እመቤት። ሰማያዊ አረንጓዴ መጎናጸፊያዋ ላይ ከዋክብት አሉ፣ እግሯ ሥር ጨረቃ፣ ዙሪያዋን ጨረር። ማን እንደሆነች ሳያውቅ ቆሞ አማተበ። ጎሚስታው አየውና ምሳ ጋበዘው። የጥበብ ወሬያችንን አልናቀብንም፤ ግን ሜክሲኮ ለአንዳንዱ ሰው ሥዕል ብቻ እንዳልነበረች እንድናስታውስ ለመነን።

14። የ3ኛው አባት የጓዳሉፔዋ ማርያም እንደሆነች ነገሩት። በ1531 ቴፔያክ ኮረብታ ላይ ሁዋን ዲዬጎ ለሚባል ያገሬው ሰው ተገልጣ ምስሏ ልብሱ ላይ ታተመ ይባላል። ልብሱ አሁን በ1976 በተሠራው ባዚሊካ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ሰው እንዳይከማች መሬቱ ራሱ እያንሸራተተ የሚያሳልፍ መንገድ ተዘርግቷል። በ1810 የነፃነቱን ጦርነት የጀመሩት ቄስ ኢዳልጎ ዓርማ አድርገው የያዙትም እሷን ነው። ከቤተ መንግሥት እስከ ጎሚስታ የደረሰ ሌላ ምስል ቢፈለግ አይገኝም አሉ።

15፣ 16 እና 17 ከርዕሱ ወጡ፣ ግን አልከለከልኳቸውም። አንድ የትግራይ ልጅ በሜክሲኮ ባንዲራ ላይ ንስሩ የቆመበት ቁልቋል የኛው በለስ ዘመድ ነው ብሎ ጀመረ። እውነቱን ነው፤ በለስ ለማዳ የሆነው ሜክሲኮ ነው፣ ትግራይ የደረሰውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሁለተኛው በዚያ ቁልቋል ላይ ስለምትኖረው ኮቺኒል የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት ጻፈ። ደርቃ ስትፈጭ ደማቅ ቀይ ትሰጣለች። የዋሃካ ሸማኔዎች ከጥንት ያውቋታል፣ ስፔኖች ወደ አውሮፓ ጭነው ከብር ቀጥሎ የከበረ ሸቀጥ አደረጓት፣ የጳጳሳትና የነገሥታት ቀይ ልብስም በሷ ተነከረ። የመጀመሪያው ምሬቱን ገለጠ፤ ትግራይም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀለም ተብላ ገብታ የገበሬውን በለስ ጨርሳዋለች። ሦስተኛው በርበሬም መነሻው ሜክሲኮ ነው ሲል የሐበሻ ነው አይደለም ክርክር ተነሳ። ለሱ ሌላ ክር አለን አልኩና ዘጋሁት።

18። የ10ኛዋ አንባቢ በመጨረሻ ለዘብ ብላ ተመለሰች። ለ11ኛዋ በቁጣ ስለመለሰችላት ቅር እንዳላላት ገልጻ፣ የቀሚሱን ነገር ግን አልለቀቀችም። በ2019 የሜክሲኮ ባህል ሚኒስቴር ያገሬውን ጥልፍ ያለ ፈቃድ ተጠቅማለች ላላት የታወቀች የፋሽን ቤት ደብዳቤ ጻፈ። በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የተወላጆችንና የአፍሮ ሜክሲኮዎችን የባህል ሀብት የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ንድፉ የማኅበረሰቡ ንብረት ነው፣ ሊጠቀምበት የፈለገ ማኅበረሰቡን ይጠይቅ ነው የሚለው። እሷ የምትፈልገው ይህን ነበር፤ የአንዲት ሴት ዝና ሳይሆን የብዙ ሰፊዎች መብት።

19። የሽመና ሥራ ያላት አንዲት እህት ይህን አንብባ ስለኛ ጥለት ጠየቀች። ሸማኔ ቀናት ፈጅቶ የሚያወጣው ጥለት ውጭ አገር በማሽን ታትሞ መርካቶ ላይ በርካሽ ይሸጣል። የሜክሲኮውን ሕግ ያነበበ ካለ እንዲያስረዳት፣ ማኅበረሰቡን ወክሎ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነም እንዲነግራት ለመነች። ለእሷ ጥያቄ ዛሬ ማታ አዲስ ክር እከፍታለሁ። የ10ኛዋም እንድትገባበት ጠይቄያታለሁ።